መምህር ጎትሂልፍ ሽቴንግልና ስሟን ያልጻፉት መንደር

መምህር ጎትሂልፍ ሽቴንግል ከአባታቸው ከአናጢው ካርል ሽቴንግልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓውሊነ ግረስ፣ በደቡብ ጀርመን ኔካር ወንዝ ዳር ባለችው በዚህችው ከተማችን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1909 ተወለዱ። እዚህ አገር ደረጃና ደጃፍ በየሳምንቱ በተራ ይጠረጋል፤ ተራውን የዘለለ ጎረቤት ቀና ብሎ አይሄድም። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ቀን ተራቸውን ሳያጓድሉ ኖረዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያኮራቸው ይኸው ነበር። እኛም ሌላ የሚያኮራ ፈልገን አጥተናል።

ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው በ1930 በመምህርነት ተመረቁ። በ1935 ከወይዘሮ ሄድቪግ ማውተ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ኢርምትራውትን አፍርተዋል። በ1939 ወደ ጦርነቱ ተጠሩ፤ ተጠሩ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ የሄዱት እየሮጡ ነው። በአንድ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ለወታደሩ ማደሪያ ቤት የሚመድቡ መኮንን ሆነው ሩሲያ ድረስ ዘለቁ። በ1948 ከምርኮ ተመልሰው ልጆችን ሥነ ምግባር ሲያስተምሩ ትንሽ እንኳ አላፈሩም።

በ1959 የክፍለ ጦሩን ታሪክ ጽፈው አሳተሙ። ወፍራም መጽሐፍ ነው። ጭቃው፣ ውርጩ፣ የሾርባው መቅጠን፣ የፈረሶቹ ሳል ሳይቀር ተጽፎበታል። እሳቸውን ያመነ ሰው ክፍለ ጦሩ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ለመሠቃየት ብቻ ይመስለዋል። የአገሩ ሰዎች ግን የትም አይገኙም። በ1943 ሲያፈገፍጉ ስለሆነው የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ “ያደርንበትን መንደር በንጽሕና ለቀን ወጣን” ይላል።

በ1974 የክፍለ ጦሩ ጓዶች በዓመታዊ ስብሰባቸው ቢራቸውን እየጠጡ ሳለ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ሲነበብ የቀድሞው ወጥ ቤት አቶ ኦይገን ሽፔት በሳቅ ፈነዱ።

“የኔ ልጅ፣ አባትሽ እኮ ጉደኛ ሰው ናቸው!” አሏት በእንግድነት የተገኘችውን ኢርምትራውትን። “ቤቱን ሁሉ፣ ደጃፉን ሳይቀር አስጠረጉንና ‘በሉ አሁን ለኩሱት’ አሉን። የሚቃጠል ቤት የሚያስጠርግ ከእኛ አገር ሰው ሌላ የት ይገኛል?”

“ሰዎቹስ?” አለች።

የአቶ ኦይገን ሳቅ ቆመ። “ጎተራው ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። እሱን አልጠረግነውም፤ ለኮስነው እንጂ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ጠጣና ዝም በል!” አሉ አጠገባቸው የነበሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸው የመንደሯን ስም ስትጠይቃቸው ኖረች። ስሟ ቢታወቅ የተረፈ ሰው ይፈለግ ነበር፤ የተረፈ ባይኖር እንኳ ለሞቱት ይጸለይላቸው ነበር። የፈረሶቻቸውን ስም አንድ በአንድ የሚያስታውሱት መምህር ግን የመንደሯ ስም ጠፋብኝ እያሉ ጋዜጣቸውን ይገልጡ ነበር። ፈሪ ነበሩ። ልጃቸው ትወዳቸው ነበር፤ ንቀቷ ግን ፍቅሯን እየበላው ሄደ።

ከ1979 ጀምሮ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም፣ በጥሩ ሐኪምና በነጭ አንሶላ ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት “አባባ፣ መንደሯ ማን ትባላለች?” ስትላቸው፣ “ንጹሕ ነበረች” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መጋቢት 9 ቀን 1981፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ የመንደሯን ስም ይዘው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው በሕይወት አሉ። የክፍለ ጦሩ ሪባን የታሰረበትን የአበባ ጉንጉን ይዘው መቃብሩ ዳር የቆሙት አራት ጓዶቻቸውም አሉ፤ ይህ የሕይወት ታሪክ ከመጽሐፋቸው እንዲቀዳ የለመኑን እነሱ ናቸው።

ለመምህር ጎትሂልፍ ነፍስ እግዚአብሔር እንደ ቸርነቱ ያድርግ። ጎተራው ውስጥ ያለቁትን እሱ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ በእቅፉ ያኑራቸው። ጓዶች ሆይ፣ እናንተም የመንደሯን ስም ታውቃላችሁ። ከቀብር መልስ የሚበላው ተዘጋጅቷል፤ ቤቱም ተጠርጓል። ከአራታችሁ አንዱ ስሟን እስኪናገር ግን በሩ አይከፈትም።