የበረኛችን ጉዳይ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከልምምድ በኋላ።

ዛሬም ጎል ገባብን። ጥፋተኛው እኔ። ተከላካዮቻችን እንደ ልማዳቸው ለበረኛዋ ይጮኻሉ፤ «ኢፍቱ፣ ውጣ! አንተ፣ ያዘው!» አላስቻለኝም። የአማርኛ መምህር ነኝ፣ በሽታ ነው። ከመስመር ዳር ሆኜ «ውጪ! ያዢው! ነው የሚባለው!» ብዬ ጮህኩ። ኢፍቱ ወደ እኔ ዞር ብላ በትሕትና «እሺ ቲቸር» አለች። ኳሱ የገባው ያኔ ነው።

ደብተሬ፣ አሰልጣኝ የሆንኩት ወድጄ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ። የስፖርት መምህርታችን ወልዳ ፈቃድ ወጣች። ር/መምህሩ ስብሰባ ላይ ዙሪያውን ቃኘ፣ ስልኬን ስነካካ አገኘኝ፣ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተሰጠኝ። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ ጭሮ ተመድቤ፣ ኳስ የማውቀው በሬዲዮ ነው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ተጫዋቾቼን በዘዴ እየጠየቅኩ ነው። እስካሁን ሁለት የተለያየ መልስ አግኝቻለሁ።

አንተና አንቺ ላይ አልፈርድባቸውም። አብዛኞቹ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። እዚያ ለወንዱም ለሴቷም «አቲ» ነው፣ አለቀ። ወደ አማርኛ ሲመጡ አንዱን ይይዙና ለሁሉም ያድላሉ። ገበያ ስወጣ እኔን ጺማሙን «ምን ፈለግሽ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሽንኩርቴን ገዝቼ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።

ኢፍቱ አሥረኛ ክፍል ነች። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ጸጉሯን በአጭሩ ትቆረጣለች፣ ከላዩ ኮፍያ። ድምጿ ወፍራም ነው፤ ስም ስጠራ «አቤት» ስትል ፊት የተቀመጡት ይደነግጣሉ። ከበር የለጋችው ኳስ መሃል ሜዳን አልፎ ይሄዳል። እሷን ይዘን ቅዳሜ ገለምሶ እንሄዳለን። ግማሽ ፍጻሜ። እግዜር ያውጣን።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ማታ፣ ከገለምሶ መልስ።

አሸነፍን። አንድ ለዜሮ! ደስታዬን ግን ሳልጨርስ ቀሙኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠብን። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጩኸት ሰማሁ፣ ማን እንደጮኸ አላወቅኩም። ስገልጥ ኢፍቱ ኳሱን ታቅፋ መሬት ላይ ተኝታለች። ልጆቹ ላይዋ ላይ ተከመሩ።

ዳኛው ፊሽካ እንደነፋ የገለምሶው አሰልጣኝ ጀማል ሜዳ ገባ። በረኛቸው ወንድ ነው አለ። ጸጉሩን እዩ፣ ድምፁን ስሙ፣ ሲለጋ አላያችሁም ወይ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ የመጨረሻውን አመጣ፤ «የራሳቸው ልጆች 'አንተ' ይሉታል! ሰምተሃል አይደል፣ ዳኛ?» ዳኛው ሰምቷል። ሜዳው በሙሉ ሰምቷል። እኔም በየቀኑ እየሰማሁ ነው።

ዳኛው ኢፍቱን ሊያናግራት ቀረበ። ምን ብሎ እንደሚጠራት ጨነቀው። «አን...» አለ፣ ቆመ። «አን...» ግንባሩ አላበው። በመጨረሻ «እርስዎ፣ ስምዎ ማን ነው?» አላት። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ! እውነት ለመናገር አደነቅኩት። በአማርኛ ጾታ የሌለው መውጫ በር እሱ ብቻ ነው፣ በጭንቀት መሃል አገኘው። ኢፍቱ ግን አልሳቀችም። ስሟን ነገረችውና ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ውጤቱ ታገደ። የውድድሩ ኮሚቴ ሐሙስ ጭሮ ይሰበሰባል። እስከዚያ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ፣ አስመርምራችሁ፣ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ተባልን።

ሚኒባሱ ውስጥ ልጆቹ እስከ ጭሮ ጨፈሩ። ኢፍቱ መስኮት ዳር ተቀምጣ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አወረደችው። የተኛች መሰለኝ። ስንወርድ ሳያት አልተኛችም ነበር።


ሰኞ፣ የካቲት 10። በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል።

ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ሻይ ይዤ ሁለት ሰዎች መሃል ተቀምጫለሁ፤ ለማምለጥ ዘግይቻለሁ።

በቀኜ ታምራት፣ የባዮሎጂ መምህር። ጾታ ሰውነት ነው ይላል። ሲፀነስ የተወሰነ፣ ሲወለድ የታየ። ሰው ስለ ራሱ የፈለገውን ይሰማው፣ ስሜቱን አልነካም፤ ሰውነቱ ግን በስሜት አይቀየርም። በግራዬ ሰናይት፣ ሥነ ዜጋ ታስተምራለች፣ የሥርዓተ ጾታ ክበቡም የእሷ ነው። ጾታ ሌላ፣ ሥርዓተ ጾታ ሌላ ትላለች፤ አንዱ ተፈጥሮ የሰጠን፣ ሌላው ኅብረተሰቡ ያለበሰን። ኢፍቱ የተከሰሰችው በኮፍያና በጸጉር ነው፣ እሱ ደግሞ ልብስ ነው። ቀጥላ ሰው ውስጡን ማን ነኝ ብሎ እንደሚያውቅ ከራሱ በላይ ማን ሊናገርለት ይችላል አለች።

ታምራት እዚህ ላይ ስኒውን አስቀመጠ። እኔ ነገ ተነስቼ ር/መምህር ነኝ ብል ቢሮው ይከፈትልኛል? አላት።

ር/መምህርነት ሹመት ነው፣ ሰው ይሰጥሃል፣ አለችው። ማንነትህ ላይ ግን ማንም አይሾምህም።

«ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? አይሾምህም፣ ተፈጥሮ ነው!»

«ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ማንም አይሾምህም!»

ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ታምራት ሲናገር ታምራት ልክ ነው፣ ሰናይት ስትናገር ሰናይት ልክ ነች እላለሁ። ሰናይት ስትናገር ትንሽ ይበልጥ ልክ ነች። ምክንያቱን እዚህ አልጽፍም።

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማሙ፤ ልጅቷን ማንም አያስመረምራትም። ታምራት እንዲያውም ከሰናይት ብሶ ተቆጣ። ጸጉር ቆረጠች ብሎ ልጅ ማስመርመር በየትኛው ሳይንስ ነው?

ር/መምህሩ አልሰማም። በጸጥታ ጨርሱት አለኝ፣ የሐኪም ወረቀቷን አምጡና ለዋንጫው ተዘጋጁ።


ያው ቀን፣ ከሰዓት።

ኢፍቱን ጠራኋት። እንዴት ልጀምር? ስለ አየሩ አወራሁ። ስለ ኮሚቴው አወራሁ። ስለ «ቀላል ነገር» አወራሁ። እሷ ጨረሰችልኝ፤ «እሺ ቲቸር፣ ሁሉም ይመርመር። ከቲቸር ጀማል እንጀምር።» ብላ ወጣች።

በጣም ሳቅኩ። ከዚያ እሷ እንዳልሳቀች ትዝ አለኝ። መሳቄን ተውኩ።


ረቡዕ፣ የካቲት 12። ከሰዓት፣ ከመናኸሪያ መልስ።

የኢፍቱን እናት አገኘኋቸው። ወ/ሮ ሀሊማ መናኸሪያው በር ላይ ጫት ይሸጣሉ። ጎንበስ ብዬ ጉዳዩን በዝግታ አስረዳሁ። አላመኑም። አስደገሙኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ለጎረቤታቸው በኦሮምኛ ነገሩ፣ ጎረቤታቸው ለቀጣይዋ ነገረች፣ ሳቁ መደዳውን ይዞ እስከ ሙዝ ሻጮቹ ሄደ።

ሳቁ ሲመለስ ወ/ሮ ሀሊማ ፊት ላይ አልነበረም።

«ምጥ ላይ እኔ ነበርኩ። ጀማል የት ነበር?»

ኢፍቱ ድምጿን የወረሰችው ከአባቷ እናት ነው አሉኝ፤ አያትየዋ ከቤት ደጃፍ ሲጣሩ ማዶ ያለ ላም ይመለስ ነበር። እሳቸውን ማንም ወንድ ነሽ አላላቸውም፣ ዘጠኝ ልጅ ወልደዋል። ጸጉሯን እኔ ነኝ የምቆርጥላት፣ ኮፍያውን እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ ይከሰስ ከተባለ እኔ ልከሰስ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? አስተማሪ ነሽ፣ አፍ አለሽ። እዚያ ቆመሽ ምን አልሽ?»

ምንም አላልኩም ነበር። ገለምሶ ሜዳ ላይ ውጤቱ ለምን ታገደ ብዬ ተከራከርኩ እንጂ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይህን እዚያው ጫቱ ፊት ቆሜ ነው የተረዳሁት። «አንቺ» ማለታቸውን ለማረም ፊት አልነበረኝም።

ነገ እመጣለሁ አሉ። ምርመራ የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ግን እመጣለሁ።


ሐሙስ፣ የካቲት 13። ከሰዓት።

ስብሰባው አለቀ። 

ጀማል መጀመሪያ ተናገረ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ አይደለም። ልጆቼ አለቀሱ አለ። ከቤት እየተደበቁ የሚለማመዱ አሉ፣ አባታቸው የማያውቅ አሉ። የሴት ውድድር የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። ወንድ ከገባበት ለእነሱ ምን ቀራቸው? ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳላስበው ነቀነቅኩ።

ከዚያ «አንተ ይሉታል» የሚለውን አመጣ። እጄን አውጥቼ ላስረዳ ብድግ አልኩ። ጀማል ደሙ ፈላ፤

«አንቺ ዝም በይ! እኔ ሳልጨርስ አትግቢ!»

 ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ሰብሳቢውን፣ አቶ ጀማል አሁን ያሉኝ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አልኩ። ቃሉ ማስረጃ ከሆነ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሴት ነኝ። ጺሜን ይዤ ቆሜአለሁ፣ ወዴት ልሂድ ልመርመር? ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጀማል ትንሽ ቆይቶ ገባውና እሱም ሳቀ። ከሁሉ በላይ እሱ ሳቀ።

ወ/ሮ ሀሊማ አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴት ልጅ አሳደግኩ። ወላሂ። አላምንም የሚል፣ ልጄን ከማየቱ በፊት እኔን ይየኝ።» ተቀመጡ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

ውሳኔ፦ ምርመራ የለም። የእናትና የት/ቤት ቃል በቂ ነው። ውጤቱ ይጸናል። ሰብሳቢው በደስታ መንፈስ፣ ለፍጻሜው ግን ልጅቷ ጉትቻ ቢጤ ብታደርግ ብሎ ጀመረ። ወ/ሮ ሀሊማ አዩት። ሐሳቡን አነሳ።

በሩ ላይ ጀማል እጄን ጨበጠኝ። ልጆቼ ሲያለቅሱ የሆነ ነገር ልበላቸው ብዬ ነው አለ። አመንኩት።

ድሉን ላበስር ወጣሁ። ኢፍቱ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሳቁንም።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ አልጫወትም።»


አርብ፣ የካቲት 14። ጠዋት።

ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ግቢው አጥር ጋ አገኘኋት። ስለ አየሩ አላወራሁም። ለምን አልኳት።

ብዙ አታወራም፣ ዛሬ አወራች። ሳምንቱን ሙሉ ስለ እኔ ሰውነት ያላወራ የለም አለች። የከሰሰኝም አወራ፣ የደገፈኝም አወራ። ቲቸር ታምራት፣ ቲቸር ሰናይት፣ ሙዝ ሻጮቹ። እርስዎም ትናንት አሳቋቸው። ደስ አለኝ፣ ግን ስለ እኔ ነበር የተሳቀው።

እሷስ ምን ትላለች? መጠየቅ ፈራሁ፣ ጠየቅኩ።

«'አንተ' ሲሉኝ አንዳንዴ ደስ ይለኛል፣ ጠንካራ ነህ ያሉኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ያናድደኛል። እናቴ 'አንተ' ስትለኝ ሌላ ነው። ሴት ነኝ ቲቸር፣ ግን እኔ እንደዚህ ነኝ። በር ላይ ስቆም ይህን አላስብም ነበር፣ ኳሱን ነው የማየው። አሁን ሰው እኔን ሲያይ አያለሁ። እንዲህ ሆኜ ኳስ አልይዝም።»

 እሺ አልኳት። ካልመጣሽ ማንም አያስገድድሽም። ከመጣሽም ማንም ምንም አይጠይቅሽም፣ እሱን ለእኔ ተዪው።


ያው ቀን፣ ከሰዓት።

መምህራን ክፍል ገብቼ አወጅኩ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም በኢፍቱ ስም ምሳሌ አይሰጥም። ታዲያ በማን እንከራከር? አለ ታምራት፣ ከልቡ ተጨንቆ። በእኔ ተከራከሩ አልኩ።

ተከራከሩ! ታምራት የእኔን ጺም እንደ ማስረጃ አቀረበ። ሰናይት ደግሞ አሰልጣኝ መሆን የወንድ ነው ብሎ ኅብረተሰቡ ስለሚያስብ ነው ቡድኑ የተሰጠው እንጂ እሱ ምኑን ያውቃል አለች። ታምራት እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ አለ። ዛሬ ብቸኛው የተስማሙበት ነጥብ ኳስ አለማወቄ ነው። ኦፍሳይድን ስታስረዳኝ ሦስተኛ ትርጉም አገኘሁ። ሰናይት ስለሆነች ይህን እይዛለሁ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15። ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ።

ፍጻሜው በደሳ ከተማ ነው። መኪናው ሞልቷል። ኢፍቱ የለችም። ስልኳ አለኝ፣ ላለመደወል ወስኛለሁ። ልጆቹ ዝም ብለው መንገዱን ያያሉ። ተቀያሪዋ በረኛ ሰሚራ ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ጓንቱ ዞራለች።

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ትንሽ ጠብቅ አልኩት። ጎማ ልይ ብዬ ወረድኩ፣ ስለ ጎማም የማውቀው ነገር የለም።

መጣች!

ከእናቷ ጋር። ጸጉሯ ከባለፈው ይባስ አጥሯል፣ ከጆሮዋ በላይ ተላጭቷል፣ ኮፍያውን ትታዋለች። ወ/ሮ ሀሊማ ዛሬ ጫት አልሸጥም፣ ኳስ አያለሁ ብለው ጋቢና ገቡ፤ እዚያ ተቀምጦ የነበረው ር/መምህር ያለ አንድ ቃል ወደ ኋላ ተዛወረ። ኢፍቱ አጠገቤ ስታልፍ የሆነ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ፤ «ቲቸር፣ ዛሬ ምንም አይበሉ፣ እሺ?» እሺ አልኩ። ሰሚራ ጓንቱን ወረወረችላት። እፎይታዋ ከሁላችንም ይበልጣል።

መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ጽሑፌ ተበላሽቷል። ውሳኔዬን ግን ልጻፍ፣ እንዳልረሳው። ዛሬ ሜዳ ላይ ስለ ኢፍቱ ማንም ምንም ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ቃል ነው፤ በረኛ። ከዚያ በላይ ማወቅ የሚፈልግ ጋቢና ሄዶ ወ/ሮ ሀሊማን ያነጋግር። ሰልፉንም ጨርሻለሁ። አጥቂ ሁለት፣ መሃል ላይ አራት፣ ተከላካይ...

ቆይ። ኳሶቹን ማን ነው የጫነው? ሾፌር! ሾፌ