የጆጊት ጾም

ሰኞ፣ መስከረም 14
ጾሙ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ? ሱቁ እንደተውሽው ነው፤ የአባባን መዶሻ እጀታ ብቻ ቀይሬዋለሁ። እማማ ግን ደክማለች። ሐኪሙ ዘንድሮ እንዳትጾም ከልክሏታል። «ስልሳ ዓመት የጾምኩትን ትናንት የተወለደ ልጅ ያስፈታኛል?» ብላ አኩርፋለች።

በዮም ኪፑር፣ በስርየት ቀን፣ የቆዳ ጫማ ስለማይደረግ በሸራ ጫማ ወደ ጸሎት ቤት ስንሄድ ትዝ ይልሻል? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ «የጫማ ሰፊ ልጆች ጫማ አጡ» እያለ ሲተርበን አባባ በጾም አፉ ይስቅና፣ «አንተም ራቁትህን ውጣና እንተካከል» ይለው ነበር።

አንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የጾምሽ ዕለት አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት። እኩለ ቀን ላይ ለዕረፍት ቤት ተመልሰን ጋደም እንዳልን የጆጉ ውሃ ጎድሎ ተገኘ። አባባ «ማነው?» ሲል ወዳንቺ ጠቆምኩ። አየሽኝና ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲያ ስምሽ ጆጊት ሆኖ ቀረ። በሠርግሽ ዕለት እንኳ አባባ ለአማቶችሽ፣ «ጆጊቴን ውሃ እንዳታስጠሟት» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የጠጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በጸሎት ቤቱ ትንቢተ ዮናስን ሳነብ፣ «በጾም ድምፁ አልሰለለም» ብለው አመሰገኑኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጾሙ ጸሎት «በድያለሁ» ብያለሁ። ሰውን የበደለ ግን የተበደለው ካልማረው ስርየት እንደሌለው ያስተማረን አባባ ነው። እሱም ሳልነግረው ሞተ።

ትናንት ለእማማ ነገርኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «ሸሚዝህ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባትህ ልጄ ሊያነብ ነው ብሎ ለአገር ምድሩ አውርቷል። ላሳፍረው? እሷ ትችለዋለች ብዬ ነዋ።» ቀጥላም፣ «ቻለችውና ሄደች» አለች።

ከመጣሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በሥራ ነው ስትይ ሁላችንም እሺ ብለናል።

እህቴ፣ ይቅር በዪኝ። እማማም «የእኔንም ጻፍልኝ» ብላለች። ይህን የምታደርስልሽ የእማማ ነርስ ሐሙስ እናንተ ከተማ ትገባለች። ጾሙ ሳይገባ ደውዪ፤ እማማ የምትሰማው በግራ ጆሮዋ ብቻ ስለሆነ ጮክ በዪ። ለከርሞ ትጾም እንደሆን ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ቀና ብሎ ሳያየኝ መድኃኒቱን መጻፉን ቀጠለ።

ፈጣሪ አንቺንም ልጆችሽንም በሕይወት መዝገብ ያትማችሁ።

ወንድምሽ