ዕድሜህ ስንት ነው?

ጋምቤላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለነሲባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እዚህ ሙቀቱ በቀትር ሱቁን ያስዘጋኛል። እናትሽ ራሂማ ደህና ናት፤ ምላሷም እንዳለ ነው።

የሚስዮኑ ሐኪም ጭኔ ላይ የነበረውን እብጠት ቀዶ እንዳወጣልኝ ጽፌልሽ ነበር። የጡንቻ ነቀርሳ ነው አለኝ። ሐኪም ቤት አጠገቤ የተኛው ዓሣ የሚያመጣልን ኦጁሉ ነበር፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ። የእሱም በሽታ ያው ነው፣ ያውም በጭኑ።

ሐኪሙ መጥቶ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለኝ። «ሃምሳ» ስል እናትሽ ከበሩ ሆና «ኧረ ሰውዬ፣ ጺምህ ይታዘብሃል! ስልሳ ስምንት በሉት» አለች። ኦጁሉን «ዕድሜህስ?» ሲለው ልጁ ግራ ገባው።

«ዕድሜ? እሱ እግዜር ጋ ነው። ለእኔ አልነገረኝም።»

ለካ ቃሉን የሚያውቀው ከእናትሽ ምርቃት ነው። ዓሣ ባመጣ ቁጥር «ዕድሜ ይስጥህ» ስለምትለው፣ ገና የሚሰጠው ነገር መስሎታል።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። በዚህ በሽታ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ይተርፋሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ ግን መትረፉ ይከብዳል፣ ይህም በሁሉ ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም ብሎ አስረዳኝ። እኔ ግን የኦጁሉ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሱብሃነላህ! የኖርነውንም የቀረንንም በአንድ ስም እንጠራዋለን፤ አንዱን እንቆጥራለን፣ ሌላውን እንለምናለን። ይህን ያህል ዘመን አማርኛ ስናገር አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ትናንት ኦጁሉ ታንኳውን እየቀዘፈ ባሮን ሲሻገር አየሁት። ያ ከአልጋ መውረድ አቅቶት የነበረ ልጅ! «ጋሼ፣ ነገ ዓሣ አመጣለሁ!» ብሎ ጮኸልኝ። ደስታዬ ቅናት የለበትም፣ አላህ ያውቃል።

የእኔ እብጠት ግን ከጠባሳው ሥር ተመልሷል። ሐኪሙ ዳግመኛ ልቅደደው ይላል፣ እሺ ብያለሁ። መኖር እፈልጋለሁ ልጄ፤ ሽማግሌ ዕድሜ ይጠግባል ያለው ማን ነው? ፈርቻለሁም። እናትሽ ስለ ጺሜ መቀለድ ትታለች።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ ብለሻል። ከትምህርትሽ አንድ ቀን እንዳትቀሪ እያልኩ ስቆጣሽ የኖርኩት እኔው ነኝ። አሁንም ልቆጣሽ፤ እስኪዘጋ አትጠብቂ።

አላህ መንገድሽን ያቅናው።

አባትሽ ፈረጅ