ባለቤት ያጣ ፈረሰኛ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

መጻሕፍቴን በሁለት ማዳበሪያ ከተው በረንዳ ላይ አውጥተዋቸዋል። በስልክ የነገረችኝ እማዬ ናት፤ ያውም ስለ ደሴ ብርድ እያወራች በመሃል ጣል አድርጋ። "ጋሼ ንጉሤ ክፍሉን ማየት ፈልጎ ነው" አለች። ለማየት መጻሕፍት ይወጣሉ?

ክፍሉ የኔ ነው። አባቴ ሳይሞት "ኮምቦልቻ ብትሠራም መግቢያዋ እዚህ ነው፤ ይሄ የቅድስት ነው" ብሎ በእናቴ ፊት ተናግሯል። አሁን ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ንጉሤ ለሚያገባው ልጁ ሊሰጠው ነው። ለገና ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ማዕድ ላይ ይናገራል፣ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ በቃ። "ሴት ልጅ ነገ የሰው ናት" ብሏል አሉ። ዛሬስ የማን ነኝ?

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። በቤታችን የዶሮው ፈረሰኛ፣ ማለት ደረቱ፣ የአባቴ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እማዬ ለማንም ሳታወጣ ድስቱ ውስጥ ትተወው ነበር። አምና ጋሼ ንጉሤ እንጀራውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ "በይ እንግዲህ፣ ፈረሰኛውን" አለ። አወጣችለት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ሆነ። ሽማግሌ አልተጠራ፣ ፍርድ ቤት አልተሄደ፤ በአንድ ቁራጭ ሥጋ።

እማዬን ክሰሺ ብላት አትከስም። "ለሰላም ብዬ ነው" ትላለች። ዘንድሮ ግን ያቺ ቁራጭ እጁ አትገባም። እንዴት እንደማትገባ ገና አላወቅሁም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ሐሳቡ የሐያት ነው። ሐያት እዚህ ኮምቦልቻ አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ካመጣቻቸው ዕቃዎች አንዱ በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው። እስከ ዛሬ ሽንኩርት ነበር የምናስቀምጥበት።

"ዶሮ ያላት አንድ ፈረሰኛ ነው፤ ጠቡም ለዚያ ነው" አለች። "ለምን ደረት ብቻ አትሠሪም? ለሁሉም ፈረሰኛ ይድረሰው።" ማዳሟ ለገና ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ደረቱን ብቻ በዚህ ድስት ታሠራት ነበር። "እዚያ የዚህ ወፍ ስም ሐበሽ ነው። መጀመሪያ ቀን 'ሐበሹን ከፍሪጅ አውጪው' ስትለኝ፣ ወላሂ ሮጬ ልወጣ ነበር።"

እዚሁ አቅራቢያ ደጋን ከተማ ያለች አክስቷ ተርኪ ታረባለች። ሄደን አንዱን አመጣን። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ሾፌሩ ሲያሰግግ ረዳቱ "ይሄማ ሰው ነው፣ ይከፍላል" አለ።

ከዚያ አዲስ ጣጣ። ማን ያርደው? ሴት አታርድም። የሐያት ወንድም ቢያርደው የእስላም ሥጋ ነው፤ እማዬ ቤት አይበላም። አከራያችን አቶ ደምሴ ቢላዋቸውን ይዘው ወፉን ሁለት ጊዜ ዞሩት። "በየት በኩል ነው ዶሮ የሆነው?" አሉ። ከዚያ አማተቡና ባርከው አረዱት። ደረቱን ወሰድን፤ ሌላው ለእሳቸው ቤት ሆነ።

ለእማዬ ደወልኩ። "ዶሮ እንዳትገዢ፤ የበዓሉን ወጥ እኔ ይዤ እመጣለሁ።"

"አንቺ?" አለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ምንም የገባኝ ነገር የለም።

ጨርቅ በስንት ሙቀት ቀለም እንደሚጠጣ ጠይቁኝ፤ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ መሐንዲስ ነኝ። ሥጋ ግን ሌላ ነው። እማዬ በስልክ "ውሃ ጠብ አድርጊበት" ትላለች። ሐያት "ጠብታ እንዳታሳዪው፤ በራሱ ውሃ ነው የሚበስለው" ትላለች። እማዬ "ቶሎ ቶሎ ካላማሰልሽው ያርራል"። ሐያት "ክዳኑን ከከፈትሽው ሙቀቱን ሸኘሽው ማለት ነው"። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እርግጠኛ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወጡ ደግሞ የኔ ነው።

ቁሌቱን ትናንት በከሰል አቁላላን። ዛሬ ጠዋት ደረቱን ለአንድ ሰው አንድ እንዲደርስ በትልልቁ ቆርጬ፣ ቁሌቱ ላይ ደርድሬ፣ ድስቱን ዝቅተኛው ላይ አደረግሁና ሥራ ሄድኩ።

አንድ ያላሰብነው ነገር አለ። የሚቀምሰው ሰው የለም። እኔ ጾመኛ ነኝ። ሐያት የክርስቲያን ሥጋ አትቀምስም። ሁለታችን ድስቱ ላይ አጎንብሰን በማሽተት ልንፈርድ ሞከርን። "ይሸታል" አለች። "ጥሩ ነው መጥፎ?" አልኳት። "ይሸታል።"

ሥራ ቦታ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ፋብሪካው ጄኔሬተር አለው፤ ድስቴ የለውም። ስመለስ መብራቱ መጥቷል፣ ድስቱ ሞቋል። መቼ ጠፋ? መቼ መጣ? የአቶ ደምሴ ባለቤት "አሁን ነው የመጣው" አሉ። አቶ ደምሴ "ኧረ ቆይቷል" አሉ። ጥሬ ከሚሆን ብዬ እስከ ጠዋት እንዲቆይ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ፈራረሰ።

ጭልፋ ስከትበት ቁራጭ የሚባል ነገር የለም። ያ ሁሉ የደረደርኩት ክር ክር ሆኖ ከቁሌቱ ጋር ተዋህዷል። ለጋሼ ንጉሤ "እኩል ነን" ብዬ የማሳየው አንድ እንኳ አልቀረም። ክዳኑን ጥዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተበድዬ ሳላለቅስ የቆየሁት ሰው ለወጥ አለቀስኩ።

ሐያት አየችው። "ማዳሜ ሲፈራርስ ነበር የምትወደው" አለች። ማጽናናት ይሁን እውነት አላወቅሁም።

ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም። እንቁላል ቀቅዬ ጨመርኩበት፣ ክዳኑን በሻርፕ አስሬ ደሴ ወጣሁ። ዳገቱን ሙሉ በየጠመዝማዛው ድስቱን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ምንድነው ልጄ?" አሉኝ። "አላውቅም እማማ" አልኳቸው።

ማዳበሪያዎቹ በረንዳ ላይ ናቸው። አንዱ አፉ አልታሰረም።

ረቡዕ፣ ገና

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም መጣ፤ ጋሼ ንጉሤ፣ ሙሽራው ልጁ፣ ሁለቱ አክስቶቼ። እሱ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እማዬ ጭልፋውን ከተተች፣ ፈለገች፣ እንደገና ፈለገች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ "ፈረሰኛው የቱ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ሁሉም ነው፤ ደረት ብቻ ነው" አልኳት።

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ለማን ምን እንደምታወጣ ግራ ገባት፤ ይህን ሁሉ ዘመን እጇ የሚያውቀው መንገድ ጠፋባት። ከዚያ ቅርቧ የነበርኩት እኔ ስለነበርኩ ይሁን ወይም ለሌላ፣ መጀመሪያ እኔ ፊት ጨለፈች። ቀጥላ ለአክስቶቼ። ለእሱ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ እንደ ሁሉም ሰው አንድ ጭልፋና አንድ እንቁላል።

"አጥንት የሌለው ወጥ!" አለ። "መሐንዲሷ በማሽን አኝካ አመጣችልን።" ልጁ ሳቀ። ጎረሰና ፊቱን አጨማደደ። "ጨው የለውም።"

ቀመስኩት። እውነቱን ነው። እኔ ሐያት ጨመረች ብዬ፣ ሐያት እኔ ጨመርኩ ብላ። ጆሮዬ ጋለ። በልምድ ልነሳ ስል የእማዬ እጅ ጉልበቴን ተጫነ።

"ተቀመጪ" አለች። ወደ እሱ ዞረች። "ጓዳ ነው ያለው። ተነስተህ አምጣ።"

"እኔ?"

"የቤቱ ሰው አይደለህ? አታጣውም።"

አክስቶቼ እንጀራቸው ላይ አቀረቀሩ። ተነሳ። ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲያንኳኳ ሰማን። "የት ነው?" አለ። እማዬ እያኘከች ነበር። "የቱ ጋ ነው ኧረ?" አለ እንደገና። አላየችም፣ አልዞረችም፤ ቀስ ብላ አኘከች። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። የቀረውን ጨው እንዳጣ በላው።

ስለ ክፍሉ አልተናገረም። ረስቶት? አፍሮ? ለጥምቀት አቆይቶት? አላውቅም። ሲወጣ "ለዓመቱ ያድርሰን" አለ፤ እማዬ "አሜን" አለች፣ እንደ ወትሮዋ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ዕቃ ስናጥብ "ሆነ ብለሽ ነው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ጨዉን።"

"ጨው የረሳሽው አንቺ" አለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ጠዋት ስነሳ በረንዳው ላይ አንድ ማዳበሪያ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋው ሥር ገብቷል።

"አንቺ ነሽ ያስገባሽው?" አልኳት።

"ጤዛ እንዳያበሰብሰው ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

"ከበደኝ" አለች፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ፣ የተረፈውን ወጥ ጨው ጨምራ እያሞቀች።

ከበዳት ወይስ ለእኔ ተወችው? ብጠይቃት አትነግረኝም። ሁለተኛውን ጎትቼ አስገባሁትና በሩን ከውስጥ ዘጋሁ።