የጃንጥላው ጫፍ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? አንቺ፣ የእማዬ ጉልበት፣ የፎቶ ቤትሽ ደንበኞች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቦንጋ ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ማማረሩን ግን ትቻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን ሰው አታስጨርሺም። ወረቀት አይቋረጥምና አርፈሽ አንብቢ።

ከማስተማር በማርፍበት ቀን እየዞርኩ ባነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ የሰጠሽኝን አስተያየት ስሰማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ተናድጄ ነበር። የሰው ጀርባ ብቻ ነው ያነሳሽው፣ ሰው ትፈሪያለሽ እንዴ ብለሽ ሳቅሽብኝ። ደግሜ ሳያቸው ግን ልክ ነሽ፤ የዋጫ ገበያ በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኛል።

ስለዚህ እንደመከርሽኝ ቀረብ ብዬ፣ ሳያዩኝ ማንሳት ጀመርኩ። ማር የሚሸጡት እትዬ በዛወርቅ ግን አዩኝና ፎቶውን ካላየሁ ብለው ካሜራዬን ያዙ። ጎንበስ ብለው ማር ሲጨልፉ፣ ነጠላቸው ተንሸራቶ ነበር ያነሳኋቸው። ለሰው የምታሳይው ይሄን ነው፣ በዛወርቅ ፊት የላትም ወይ አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አብሮኝ የነበረው አሞጽ የሚባል የግብርና ባለሙያ በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር ብሎ አሳቃቸው። ኋላ ስጠይቀው፣ ገና ጀማሪ ናት፣ እርስዎ ያስተምሯት ነው ያልኳቸው አለኝ።

እውነትም አስተማሩኝ። አጠገባቸው አስቀምጠው ማር አቀመሱኝ፣ እናት አባቴ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁኝ። ገበያው ሲደራ ረሱኝ፤ ያኔ ነጠላቸውን አጣፍተው ከገዢ ጋር ሲከራከሩ፣ ሳቅ ሲያመልጣቸው አነሳኋቸው። አሁን እኔን መሰልኩ አሉ። ፖስታው ውስጥ አለልሽ። ሳያዩሽ አንሺ ያልሽው ለእኔ አልሆነም፤ አይተውኝ፣ ለምደውኝ ሲረሱኝ ይሻለኛል።

እኔም ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። የሙሽሮችሽ ፊት ላይ መብራት ታበዣለሽ። ከኋላቸው የምትሰቅይው ባለ ፏፏቴ መጋረጃም ሰለቸ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ እዚያው ፏፏቴ ሥር ነው የተዳረው። እጅ ለእጅ ሲያያዙ ግን እንዳንቺ የሚያነሳ አላየሁም።

አንዱን አስተያየትሽን ግን አልተቀበልኩትም። በየፎቶው ከዳር የሚገባው ጥቁር ጃንጥላ ያበላሻል፣ ቁረጪው ብለሽኝ ነበር። በማንኪራው የጫካ መንገድም፣ በዋጫም ገብቷል፤ አውቃለሁ። ልቆርጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ካሜራዬ እንዳይረጥብ የሚይዝልኝ አሞጽ ነው። ለራሱ አይተርፈውም፤ ሁልጊዜ አንድ ትከሻው እንደራሰ ነው ቤቱ የሚገባው።

ዝውውር ጠይቂና ነይ፣ ፎቶ ቤቱን አብረን እንሠራለን ያልሽኝን አልረሳሁም። ወንበሬን ባዶ አድርገሽ እየጠበቅሽኝ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ለመጻፍ የከበደኝም ይሄው ነው። ዘንድሮ አልጠየቅሁም፤ ለከርሞም የምጠይቅ አይመስለኝም። አትቀየሚኝ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጪው።

ለዳግማይ ትንሣኤ እማዬን ይዘሽ ነይልኝ። ካሜራሽን እንዳትረሺ፤ የዚያን ቀን እኔ አላነሳም። ፏፏቴውን ግን እዚያው ተይው። እትዬ በዛወርቅ የሙሽራዋን ነጠላ የማስተካክለው እኔ ነኝ ብለው ከአሁኑ ይፎክራሉ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ፣ አደራሽን፣ ጃንጥላውን እንዳትቆርጪው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እጅሽን ይባርክልሽ።

ጀርባ ማንሳት የተወችው ታናሽሽ