የአረንጓዴዋ ወፍ ባለቤት

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ ከሐዘኔ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ወንድምህን ከቀበርን በኋላ ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ባሕር ተሻገረች ብለህ ከነገርከኝ ወዲህ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ጓሮ ለወፎች ጥሬ አኖራለሁ። ትናንት ራሷ ቢጫ የሆነ አረንጓዴ ወፍ መጣች። እንዲህ ያለች አይቼ አላውቅም፤ ጭራሽ እጄ ላይ ወጣች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ይቺማ የቤት ወፍ ናት! ከኋላችን ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ሕፃን ስታለቅስላት ነው ያደረችው።»

ይዤላት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የወንድምህ ልጅ ናት።

«አያቴ! አጎቴ ሩቅ አገር ሄዳለች ብሎኝ ነበር እኮ፤ መቼ መጣሽ?»

ዛሬ መጣሁ አልኳት። እናቷ መሬት መሬት አየች።

አንተ ለእረፍት ስትመጣ መጀመሪያ የማንን በር እንደምታንኳኳ ጻፍልኝ።

ጤና አይንሳህ።

እናትህ