ዋናውን ወረቀት ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ለምትናፍቂኝ የመጀመሪያ ልጄ፣ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሲያበሉኝም እበላለሁ። እጄ ቶሎ ስለሚደክም ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

የእህትሽ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ ወፍጮ ቤት ሥራዬ ላይ ሆኜ ነው። ወፍጮው ድንገት ቆመ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ ይበራል፤ አስፈጪዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በአንድ እግር ጫማ በሩ ላይ ቆማለች። «ነይ ወደ ቤት» ብቻ አለችኝ። ቀሚሷ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። «የማን ነው?» አልኳት። እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ዱቄቴን ሳላራግፍ ሮጥኩ።

ከቀብሩ በኋላ በስልክ «ለድመት ብላ ሞተች፤ ያቺን ድመት አውጥተሽ ጣያት፣ የእህቴንም ስም አታንሺብኝ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። በንዴት እንደተናገርሽው አውቃለሁ። ግን ነገሩን ከሥሩ ስለማታውቂው ነውና ልንገርሽ።

ክንዷ ላይ ያየሽው ጠባሳ ዘይት ተፈናጥሮባት አይደለም። ያ በያጅ ባሏ የጋለ ብረት አስነክቷት ነው። የግራ እጇን ጣቶችም በር ዘግቶባቸዋል። «ጥለሽኝ ከሄድሽ ድመትሽን ገፍፌ እናትሽ በር ላይ እሰቅላታለሁ» ይላት ነበር። ዛቻ ብቻ እንዳይመስልሽ። ድመቷን፣ ሻሼን፣ የፈላ ውሃ ደፍቶባት ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ እስከ ዛሬ ፀጉር አያበቅልም። እኔ ጋ ትቅር ብላት «እማዬ፣ ድመቷን ፍለጋ መጥቶ አንቺን ያገኝሻል» አለችኝ። ወደ አንቺ ስትመጣ ይዛት ልትመጣ የቆረጠችው ለእኔ ስትል ነው።

የአየር መንገዱን ሕግ ሁለታችን እንደ ተማሪ አጠናነው። ድመት ከሰው ጋር እንድትሳፈር ቦታዋ አስቀድሞ ይያዛል፤ በአንድ በረራ ወደ መንገደኛው ክፍል ከሁለት እንስሳ በላይ አያስገቡም። ቦርሳዋ አየር የሚያስገባ፣ ከፊት ወንበር ሥር የሚገባ መሆን አለበት። ከነቦርሳዋ ከስምንት ኪሎ ካለፈች ከጭነት ጋር ትሄዳለች። እስክትወርድ ድረስ ከቦርሳው አትወጣም። ቦርሳውን ጎረቤታችን ሰፋችልን። ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ ስናስቀምጣት ወፍጮ ነጂው «እሜቴ፣ ይቺን አልሜ ልፍጫት ወይስ ልሸርክታት?» አለ። እህትሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስድስት ኪሎ ተኩል ሆነች። ልጄን እንደዚያ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከተከተበች በኋላ ሠላሳ ቀን መሙላት ነበረበት። ያንን ሠላሳ ቀን እህትሽ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር፣ ዱላውን እየዋጠች ጠበቀች። ሻንጣዋና የክትባቱ ወረቀት እኔ ቤት ተደብቀው ነበር።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርኩም። አባታችሁ ሲሞት የጡረታውን ዋና ወረቀት ቢሮ ሰጥቼ «ጠፋ» ብለው ስንት ዓመት እንዳንከራተቱኝ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ዋና ወረቀት ከቤቴ አይወጣም። ሰኞ ዕለት የድመቷን ባለማኅተም የክትባት ወረቀት ከቦርሳው ኪስ አወጣሁ። በቦታው ኮፒውን አስገባሁና ዋናውን ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ብነግራት ትከራከረኛለች ብዬ ዝም አልኩ። መጠንቀቄ ነበር፣ ልጄ።

ማክሰኞ ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ እሷም ወጣች። እኔ ሰው እንዳይጠረጥር እንደ ወትሮዬ ወፍጮ ቤት ገባሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሠራተኛዋ ወረቀቱን አይታ «ኮፒ አንቀበልም። ዋናውን አምጪ፣ አለዚያ ድመቷን ትተሽ ግቢ» አለቻት። ሰባት ጊዜ ደወለችልኝ። በወፍጮው ጩኸት አልሰማኋትም። ያመጣት ባለታክሲ ገና አልራቀም ነበርና አስቁማ «እናቴን አውቃታለሁ፣ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ንዳው በእናትህ፣ እንደርሳለን» አለችው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው። ተቆጥታ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የለም፣ እየሳቀች ነበር አለኝ።

ደጃችን ሲደርሱ ሻሼን መኪናው ውስጥ ትታ «ሞተሩን እንዳታጠፋ» ብላው ገባች። ባሏ ለካ ረፋድ ላይ ቤት ተመልሶ ልብሷን ከቁም ሳጥኑ አጥቶ ሲፈልጋት ኖሯል። ከሥራው ያነሣውን የፌሮ ቁራጭ እንደያዘ ተከትሏት ገብቶ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረው። ባለታክሲው ጩኸቷን ሰምቶ አጥሩን ዘሎ ሲገባ ሦስተኛውን እያሳረፈባት ነበር። ሁለቱ ጭንቅላቷ ላይ፣ አንዱ አንገቷ ላይ። ስደርስ ሳጥኔ ላይ ተደፍታ፣ ወረቀቱን ጨብጣ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀው ፖሊሱ ነው። ወረቀቱ ከነደሟ ፍርድ ቤት ተቀምጧል።

እሱን የፊጥኝ አስረው ግቢው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። «አናዳኝ ነው» ሲል ሰማሁት። ልጄ ሰብራ የጣለችው የሳጥኔ ጓጉንቸር መሬት ወድቆ አየሁ፤ አንሥቼ አፉን አልኩት። ደገምኩት። ጥርሱ ሲረግፍ በእጄ ተሰማኝ። ፖሊሷ ወገቤን ይዛ «እናቴ፣ ይብቃዎት» እያለች ባትጎትተኝ እገድለው ነበር። አልጸጸትም። እየመታሁት ግን ልቤ «ወረቀቱን ማን ደበቀው?» ይለኝ ነበር።

እንግዲህ እህትሽ ለድመት ብላ አልሞተችም። የገደላት እሱ ነው፤ ከመንገዷ የመለስኳት እኔ ነኝ። ድመቷን አልጥላትም። መቀየም ካለብሽ እኔን ተቀየሚኝ፤ ከፈለግሽ አትጻፊልኝ፣ አትደውይልኝም። የእሷን ስም ግን ከቤትሽ አታጥፊው። እሷ ምንም አላጠፋችም።

ባለቤትሽን በርታ በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። አክስቴ ትመጣለች ብላ አልጋዋን የለቀቀችውን ትንሿን አቅፈሽ፣ አያትሽ ናት ያቀፈችሽ በያት። ጎረቤታችንም አልቅሳ ሰላም ብላችኋለች።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉ፣ ለእኔ አትጨነቁ። ማታ ስትጸልዩ ስሟን ጮክ ብላችሁ ጥሩና እግዚአብሔር ነፍሷን እንዲምራት፣ ዱላ በሌለበት እንዲያሳርፋት ለምኑላት። አንቺም ልጄ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ግንቦት ፳፫ ቀን